የአቶ ሄራሞ ምርቃት

ቁልፉን ከሰው እጅ አልተቀበልኩም፤ ከጠረጴዛ ላይ ነው ያነሣሁት። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል የተመደብኩ ዕለት፣ ከእኔ በፊት የነበረችው ነርስ ቁልፉን አስቀመጠችና ፈንጠር ብላ ቆማ፣ «መስኮቱን እንዳትዘጊው። ሌላው ሁሉ ይለመዳል» አለችኝ። ከዚያ ወደ እናቶች ክፍል ተዛወረች። በአንድ ግቢ ዓመታት አብረን ስንሠራ ወደ ቲቢው ክፍል ተመልሳ ስትገባ አላየኋትም።

ክፍሉ ከግቢው ጀርባ፣ በጄኔሬተሩ ቤትና በሽንት ቤቱ መካከል ነበር። ከበሩ ውጪ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ፤ ታማሚዎች እዚያ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። መስኮቱ ልክ ከአግዳሚው በላይ ነው። የቲቢ ክፍል መስኮት አየሩ እንዲወጣ ክረምት ከበጋ ክፍት ይሆናል። የሆሳዕናን የሐምሌ ብርድ የሚያውቅ ሰው ምን እንደማወራ ይገባዋል። ከጋዋኔ ሥር ሹራብ ደርቤ፣ ሲብስም ጋቢ ጣል አድርጌ እሠራ ነበር። ግቢው ማዶ ያሉት ባልደረቦቼ ደግሞ የእኔ መስኮት ሲከፈት የእነሱን ይዘጋሉ። በዚህ ክፍት መስኮት ምክንያት የአግዳሚውን ወሬ ሁሉ ሳልፈልግ ስሰማ ኖርኩ።

ማዕረጌ ጀማሪ ክሊኒካል ነርስ ነበር። በዚያን ጊዜ የቲቢ ክፍል የሚመደበው ወይ አዲስ ሠራተኛ ነው፣ ወይ ከኃላፊው ጋር የተጣላ ነው። እኔ የገባሁት አዲስ ሆኜ ነው፤ ቆይቼ ሁለተኛውንም ሆንኩ። ስለዚህ ከዚያ የሚያስወጣኝ አልተገኘም። ኋላ ላይ «የቲቢ ፎካል»፣ ተጠሪ ለማለት ነው፣ የሚል ስም ተሰጠኝ። ስሙ ሲያምር ሥራው ያው ነው።

በሠራተኛው ሻይ ክበብ ውስጥ ከሥሯ በጥፍር ቀለም የተቀባች አንዲት ኩባያ ነበረች። «ይቺ የሲስተር ናት» ብለው ለብቻዋ አስቀመጡልኝ። ለአንድ ወር ያህል እንደ ክብር ቆጥሬው ሰነበትኩ። ምክንያቱ ሲገባኝ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ። በሻይ ኩባያ ቲቢ እንደማይተላለፍ ሁሉም በትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ፈተናውንም አልፏል። እኔ ግን ለአግዳሚው ሰዎች ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቀረብኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። በጠዋት ገብቼ ጠረጴዛውን እወለውላለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። እያንዳንዱ ታማሚ የራሱ የመድኃኒት ካርቶን አለው፤ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል። ታማሚው በየተራው ይገባል። ለክብደቱ የተለካውን ኪኒን መዳፉ ላይ አደርግለታለሁ፣ ከፊቴ ይውጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሄዳል። በየጊዜው ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ፤ አክታውንም ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መድኃኒቱ ይከብዳል፤ ቀሪዎቹ አራት ወራት ቀለል ይላል። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያቋርጠው ሲሻለው ነው። ሲሻለው እዚህ መታየቱ ያሳፍረዋል።

መታየት ነበር ዋናው በሽታ። አንድ የአንጋጫ ነጋዴ የአገሩ ሰው እንዳያየው ብሎ ሆሳዕና ዘመድ ቤት ተቀምጦ መድኃኒቱን ከእኛ ይወስድ ጀመር። አንድ ጠዋት አግዳሚው ላይ አንገቱን ቀብሮ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው ሳለ። ሳሉን አወቀው፤ የግድግዳ ጎረቤቱ ነበር። እሱም ለዚያው ብሎ ነው የመጣው። ሁለቱም ለደቂቃዎች መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ አንዱ፣ «አንተ እኮ ዱራሜ ሥልጠና ላይ ነው የተባልከው» አለው። «አንተስ አዲስ አበባ ዕቃ ልታመጣ ሄደህ የለም እንዴ?» አለው ሌላው። እየሳቁ ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ድረስ ተያይዘው ሄደው በአንድ ሚኒባስ አገራቸው ይገቡ ነበር፤ አንዱ ከሥልጠና፣ አንዱ ከአዲስ አበባ።

ሌላው የማልረሳው የሽንቱ ነገር ነው። ከኪኒኖቹ አንዱ ሽንትን ቀይ ያደርጋል። ጉዳት የለውም፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ መግባቱን ነው የሚያሳየው። ለእያንዳንዱ ሰው መድኃኒት ሲጀምር እነግረዋለሁ፤ በዚያ ቀን ግን የሰው ጆሮ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ በማግስቱ «ሲስተር፣ ደም ሸናሁ፣ አለቀልኝ» እያለ የሚሮጥ አይጠፋም። አግዳሚው ላይ የቆዩት ይስቁበታል። «ቀይ ሻይ ነው፤ ጠጥተህ የወጣኸው ነው» ይሉታል። ይህ የአግዳሚው ሰላምታ እስኪሆን ድረስ ተለመደ።

አሁን ወደ አቶ ሄራሞ ልምጣ። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ታሪኩን ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው በአደባባይ ስለተናገሩት እኔ ብነግራችሁ ሐሜት አይሆንም።

አቶ ሄራሞ የሰፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የሞተበትን ያጽናናሉ። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በምርቃታቸው ነው። አዲስ ቤት የሚገባ፣ ሩቅ አገር የሚሄድ፣ ልጅ የሚድር ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። ብዙዎቻችን ጴንጤ ነን፤ ፓስተሩ ይጸልያል። ከጸሎቱ በኋላ ግን የሽማግሌ ምርቃት አይቀርም። አቶ ሄራሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመርቁና መጨረሻ ላይ ከሚቀርብላቸው የማር ብርዝ አንድ ጉንጭ ወስደው በተመራቂው ራስ ላይ እንትፍ እንትፍ ይላሉ። ያለዚያች እንትፍታ ምርቃቱ ያለቀ አይመስልም።

እኚህ ሰው አንድ ጠዋት እያሳሉ መጡ። ግዙፍ ናቸው፣ ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ሲቀመጡ አግዳሚው ይጮኻል። የአክታ ዕቃ ሰጥቼ ወደ ጓሮ ላክኋቸው፤ ሁለተኛውንም በማግስቱ ከቤታቸው አመጡ። የላቦራቶሪው ልጅ ደረጀ ስላይዱን አይቶ፣ «ሲስተር፣ ሙሉ ነው። ተሐዋሲው እንደ ገበያ ቀን ነው» አለኝ። ሰውነታቸውን አይቼ ገርሞኝ ነበር። ማይክሮስኮፕ ካየው በላይ ግን እኔ አላይም፤ መድኃኒቱን አስጀመርኳቸው።

«ቤት ውስጥ ማን አብሮዎት ይኖራል? ሁሉም መመርመር አለበት» አልኳቸው።

«ማን አለኝ ልጄ? ባለቤቴ ካረፈች ቆየች። አንዲት ሴት ልጄ ዱራሜ ኮሌጅ ናት። ብቻዬን ነኝ» አሉኝ።

ልጃቸውን ምሕረትን በስም አውቃታለሁ። ከሀቢቾ ሽማግሌ ተልኮባት፣ ለአንድ አስተማሪ ታጭታ ነበር።

ወሬው ሆሳዕናን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አቶ ሄራሞ በጠዋት ወደዚያ ጓሮ ሲገቡ ታይተዋላ። መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የሚጠጡበት ቤት ለእሳቸው የሚቀርበው ኩባያ ጆሮው ላይ ክር ታሠረበት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀመጡበት ወንበር ግራና ቀኙ ባዶ ሆነ። ለዕርቅ መጥራቱም ቀረ። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ እንዲያውም ሰላምታው በዛ፣ ከሩቅ ከሩቅ። ምርቃታቸውን ግን የሚጠይቅ ጠፋ። እንትፍታቸውን ማን ይቀበላል? ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ቤት ተመረቀ፣ ሁለቱንም የመረቁት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሎምበሶ ናቸው።

እሳቸው ግን አልከፋቸውም። ይህም ይገርመኝ ነበር። በጠዋት ይመጣሉ፣ ከሁሉ ጋር ይጫወታሉ፣ ኪኒናቸውን አፋቸው ውስጥ ጨምረው ውሃ ይጠጣሉ፣ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ይወጣሉ። አፍን መሸፈን እኔው ያስተማርኩት ነውና ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ በመስኮቱ የአግዳሚውን ጨዋታ እሰማለሁ። አንድ አዲስ ልጅ ቀይ ሽንት አይቶ ደንግጧል፤ እንደ ልማዳቸው ይስቁበታል። አቶ ሄራሞ ሊያጽናኑት ፈልገው፣ «አይዞህ፣ ቆይ ይለቅሃል። የእኔማ ይኸው እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው» አሉት።

ሳቁ ቆመ። አንዷ ሴት፣ «አባባ፣ የእርስዎ ቀይ ሆኖ አያውቅም?» አለቻቸው።

«ኧረ በጭራሽ። እኔ ጠንካራ ነኝ» አሉ በኩራት።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ያን መድኃኒት የዋጠ ሰው፣ ጠንካራም ይሁን ደካማ፣ ሽንቱ ይቀላል። አቶ ሄራሞ መድኃኒቱን አይውጡትም ማለት ነው። ካልዋጡትና እንዲህ ካማረባቸው ደግሞ ያ በተሐዋሲ የተሞላ አክታ የማን ነው?

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። አፍ ይክፈቱ ብዬ እንደ ልጅ ልፈትሻቸው አልፈለግሁም፤ ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴ ይሆናሉ። በማግስቱ የደረጃ ዕድገት ውድድር ነበረብኝ። እሱ ትዝ ሲለኝ ዘዴው መጣልኝ።

ጠዋት ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አደረግሁ። አፋቸው ከተቱት፣ ጠጡ፣ እንደ ወትሮው የጋቢያቸውን ጫፍ አነሡ። ከመሸፈናቸው በፊት ጎንበስ አልኩና፣ «አባባ፣ ዛሬ ለዕድገት ልወዳደር ነው። ይመርቁኝ» አልኳቸው።

ቀጥ ብለው ቆሙ። በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ መርቁኝ ተብሎ እምቢ አይልም፤ አይችልም። ያውም ምርቃታቸውን የጠየቀ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው። አፋቸውን ሊከፍቱ ቢሉ ኪኒኑ ጉንጫቸው ውስጥ ነው። ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። እኔም አንገቴን እንደደፋሁ ጠበቅኋቸው።

ቀስ ብለው ኪኒኖቹን በመዳፋቸው ላይ ተፏቸው። ሌላውን እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉና መረቁኝ።

«ሂጂ ልጄ። የያዝሽው ይባረክ። የነካሽው ይዳን። የወለድሽው ይደግ። ክፉ ዓይን አይይሽ።» እንትፍ እንትፍ አሉብኝ።

ቀና ስል ጋዋኔ ላይ ከኪኒኑ ቀለም ቀያይ ነጠብጣብ ቀርቶበታል። በዚያ ዓመት ዕድገቱን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ስለ ምርቃቱ ግን ቅሬታ የለኝም።

«ለማን ነው የሚወስዱለት አባባ?» አልኳቸው።

«ለምሕረት» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ኮሌጅ ሳለች ነው የጀመራት። ማንም ሳያያት አመጣኋት። ጓዳ ነው ያለችው። አክታውም የእሷ ነው፤ በኪሴ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ለምን እሷኑ አላመጧትም?»

«አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ? ሽማግሌ ሲያስል አርጅቶ ነው ይባላል፤ ያልፋል። ልጃገረድ ስታስል ግን ማን ያገባታል? ከዳነች በኋላስ ቢሆን? ‹ያቺ ሳል የነበረባት› ትባላለች እስክትሞት። እኔ ስሙን ብወስድላት ምን እሆናለሁ? ለእኔ ከእንግዲህ ማን ሽማግሌ ይልክልኛል?» አሉ። ሊስቁ ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም።

አንጀቴን በሉት። ግን የነርስነቱ ጭንቀት ቀደመኝ። «ስንት ስንት ነው የሚሰጧት?»

«የሰጠሽኝን ሁሉ ነዋ። ቶሎ እንድትድን።»

ለእሳቸው ግዙፍ ሰውነት የተለካውን ለዚያች ለመነመነች ልጅ ማለት ነው። ያውም አፍ ውስጥ የራሰውን። ወዲያው ተነሥቼ አብሬያቸው ሄድኩ።

ምሕረት ጓዳ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኘኋት። የመስኮቷ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። መጀመሪያ ያደረግሁት ጨርቁን ነቅዬ መስኮቱን መክፈት ነው። ዓይኗ ቢጫ ለብሷል። የበላችው ከሆዷ አይቆይም ነበር።

«አባቴን ይቆጡታል?» አለችኝ ከሁሉ አስቀድማ።

«እኔ አልቆጣም። ዛሬውኑ ግን ትመጫለሽ።»

ግቢው ጭር በሚልበት በምሳ ሰዓት አመጣናት። ኃላፊያችን ጤና መኮንን ነበር፤ ሕግ አክባሪ፣ ቶሎ የሚግል፣ ቶሎ የሚበርድ። ነገሩን ስነግረው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይሄ እኮ ማታለል ነው። በሌላ ሰው አክታ የመንግሥት መድኃኒት! ሊጠየቅ ይገባል።»

«ይጠየቅ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ልጅቷን እናድን። ጉበቷ ተጎድቷል።»

«ሌላ ሰውስ ቢለምደው?»

«የሚለምደው የሚያፍር ሰው ነው። እፍረቱ የሚጀምረው ደግሞ ከሻይ ክበባችን ኩባያ ነው» አልኩት። አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። የእሱም መስኮት ዝግ ነበር።

በመጨረሻ፣ «ካርዷን በራሷ ስም ክፈቺ። የሰውዬውን ዝጊ። ሌላውን ከሐኪሞቹ ጋር እናየዋለን» አለኝ።

መድኃኒቱ ቆመ። ዓይኗ እስኪጠራ ጠበቅን፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ለክብደቷ በተለካው መጠን ጀመርናት። የበላችው ሲረጋላትና ጉልበት ስታገኝ ዳምቦያ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ለዚያው ጤና ጣቢያ በዝውውር አስረከብኳት። አቶ ሄራሞንም መረመርናቸው፤ በዚህ ጊዜ የራሳቸውን አክታ። ደረጀ ስላይዱን አይቶ ሳቀ። «እኚህ ሰውዬ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ናቸው» አለ።

«በሉ እንግዲህ» አልኳቸው፣ «ነፃ ነዎት። እንዳልታመሙ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።»

«አደራ እንዳትዪ» አሉ ደንግጠው። «እኔ ካልታመምኩ መድኃኒቱ የማን ነበር ሊባል ነው። ስድስት ወሩ እስኪሞላ ታማሚ ልሁን። ልምጣና አግዳሚው ላይ ልቀመጥ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ለኃላፊው ነገርኩት። እሱም፣ «መቀመጥ ማን ይከለክላል? አግዳሚው የመንግሥት ነው» አለ።

እንዲህ ሆኖ አቶ ሄራሞ ጤነኛ ታማሚ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ተራቸው ሲደርስ ይገባሉ፣ ውሃ እሰጣቸዋለሁ፣ ጠጥተው ይወጣሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ ቦታ ይለቁለታል። ሽንቱ የቀላበትን ያረጋጋሉ፤ አሁን «የእኔም እንደዚያው ነው» ይላሉ። የቀረ ሰው ካለ ቤቱ ሄደው ይጠሩታል፤ እኔ ብሄድ ሰፈሩ ያውቃል፣ እሳቸው ሲሄዱ ግን፣ ቢሸሿቸውም፣ ሽማግሌ ሊጠይቅ መጣ ነው የሚባለው። በእነዚያ ወራት ከአግዳሚዬ መድኃኒት ያቋረጠ አልነበረም። በሥራ ዘመኔ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ የቱ ነው ብትሉኝ ያ ነው። አሁንም ሐምሌ ሲመጣና ብርዱ ሲገባ የአግዳሚው ሳቅ በመስኮት የሚገባ ይመስለኛል። ይናፍቀኛል።

አንድ ጊዜ የመጣው እንግዳዬ ግን ሳቅ አላመጣም። ታምራት የሚባለው የምሕረት እጮኛ ከሀቢቾ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤተሰቦቼ የአቶ ሄራሞን ነገር ሰምተው ፈርተዋል። በዘር ይተላለፋል ይላሉ። እውነት ነው?»

«በዘር አይተላለፍም። በአየር ነው። መድኃኒት የጨረሰ ሰው ደግሞ ለማንም አያስተላልፍም» አልኩት።

«አባቷ ይድናሉ?»

«አባቷ ደህና ይሆናሉ» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም። የታማሚን ምስጢር መጠበቅ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያቆማል። አመስግኖኝ ሄደ።

ምሕረት መድኃኒቷን ጨረሰች። የመጨረሻው አክታዋ ንጹሕ ሆነ፤ ክብደቷም ተመለሰ። ዘመድ እስኪሰበሰብ ተጠብቆ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፤ እኔም ተጠራሁ። የአቶ ሄራሞ ግቢ ድንኳን ተጣለበት። የሠርግ ምግባችን አታካና በትልልቅ ገበታ ቀረበ። ቡላው በቅቤ ተለውሶ ያብረቀርቃል፤ ሰዉም በየገበታው ዙሪያ ተሰብስቦ በጋራ ይበላል። ለአቶ ሄራሞ ግን በትንሽ ሳህን ለብቻቸው ተቀምጦላቸዋል። እሳቸው ቀድመው የለመዱት ስለሆነ አመስግነው ተቀበሉ። እኔ ነኝ የያዝኩትን ጉርሻ ገበታው ጠርዝ ላይ የመለስኩት።

ፓስተሩ ከጸለየ በኋላ ምርቃት ደረሰ። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በጣም ጨዋ በሆነ አነጋገር፣ «አባት ብዙ ደክመዋል፤ ይረፉ። ልጆቻችንን አቶ ሎምበሶ ይመርቁልን» አሉ። ማንም አልተቃወመም። አቶ ሄራሞ ራሳቸውን ነቅንቀው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ያቺን ልጅ ብቻቸውን አሳድገው፣ ስሟን ለማዳን የራሳቸውን ሰጥተው፣ አሁን በሯን ስትወጣ እጃቸውን ራሷ ላይ ማሳረፍ ተከለከሉ። ተነሥቼ መጮኽ አማረኝ። ምስጢሩ ግን የእኔ አልነበረም።

አቶ ሎምበሶ ብርዙን በኩባያ ተቀብለው አንድ ጉንጭ ቀመሱ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። ምሕረት አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ቀና ብላ የቆመውን ሰው አየች። አባቷን በዓይኗ ፈለገች። ግድግዳው ጥግ አገኘቻቸው። ቬሎዋን ሰብስባ ተነሣች።

«ይቅርታ አጎቴ። እኔን የሚመርቀኝ አባቴ ነው።»

«ምሕረት ልጄ፣ አባትሽ እኮ ሳል ነበረበት» አሉ አቶ ሎምበሶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አባቴ አልታመመም» አለች። «ሳሉ የእኔ ነበር። ጓዳ የተኛሁት እኔ ነኝ። አባቴ የእኔን በሽታ ለብሶ ነው የተቀመጠው። መድኃኒቴን ጨርሼ ድኛለሁ፤ ሲስተርም እዚህ አሉ፤ ጠይቋቸው።»

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ። «ድናለች» አልኩ። ከሙሽራው ወገን አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች። ታምራት ግን አልደነገጠም። ለካ ምሕረት ቀደም ብላ ነግራው ኖሯል። ተነሣና የምሕረትን እጅ ይዞ ግድግዳው ጥግ ሄደው አቶ ሄራሞ እግር ሥር አብረው ተንበረከኩ።

አቶ ሄራሞ ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣ «ምን አደረግሽ ልጄ? ያን ሁሉ ጊዜ ደብቄልሽ» አሉ።

«ይበቃል አባ» አለቻቸው።

እጃቸውን በሁለቱ ራስ ላይ አደረጉ። ምርቃቱን ጀመሩት። የያዛችሁት ይባረክ፣ የነካችሁት ይዳን፣ የወለዳችሁት ይደግ። መጨረሻው ሲደርስ እንትፍ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነም። አፋቸው ደርቋል። ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ የሚጠጣ ፈለጉ።

አቶ ሎምበሶ ብርዙን እንደያዙ ቆመው ነበር። ኩባያውን አዩት፣ ወንድማቸውን አዩ፣ መጡ፤ የራሳቸው ከንፈር ያረፈበትን ኩባያ ዘረጉላቸው።

«ይሄ ያንተ ነው እኮ» አሉ አቶ ሄራሞ።

«ጠጣ» አሉ አቶ ሎምበሶ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር።

አቶ ሄራሞ አንድ ጉንጭ ወሰዱና እንትፍ እንትፍ አሉ። አቶ ሎምበሶም ኩባያውን ተቀብለው የቀረውን ጨለጡት። ከዚያ የአቶ ሄራሞን ትንሽ ሳህን ማን እንዳነሣው አላየሁም፤ ሲበሉ ያየኋቸው ከትልቁ ገበታ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ክፍሉ ወደ ግቢው ፊት ለፊት ተዛውሯል፤ አክታ የሚመረምር ማሽንም ገብቷል። ያ አግዳሚ የት እንደደረሰ አላውቅም። ወጣት ነርሶች አልፎ አልፎ ቤቴ መጥተው ምን ትመክሪናለሽ ይሉኛል። የምላቸው አንድ ነው። ታማሚውን «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስልህ» ብላችሁ ከጠየቃችሁት በኋላ፣ «ማን እንዳያይህ ነው የምትፈራው» በሉት። መድኃኒቱ ወደ ማን አፍ እንደሚሄድ የምታውቁት በዚያ ነው።